ለአሮጌ ሞተር የሚስማማ ዘይት

ሐሙስ፣ ጥር 16 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለውድ ልጄ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እኛ ደህና ነን» ይባላል። በማተሚያ ቤት አርባ ዓመት አራሚ ሆኜ ስሠራ፣ ስህተት መሆኗን እያወቅሁ ሳልነካት ያለፍኳት ዓረፍተ ነገር እሷ ብቻ ናት። ዛሬም ሳልነካት ልለፍ፤ እኛ ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ሁለት ነገር ጠይቀሽኝ ነበር፤ እናትሽ እንዴት እንዳለችና ያቺን መኪና ለምን ሸጠን እንደማንገላገላት። መስመሩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ ደህና ነበር። በጽሑፍ ይቀለኛል ብዬ ነው። ከመኪናዋ ልጀምር፤ ስለ መኪናዋ ቢያንስ የሚያስረዳ መጽሐፍ አለ።

አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ጨረቃ ድረስ አድርሶ የሚተርፍ መንገድ ነው፤ የእኛዋ ግን የጨረሰችው ከቤት ማተሚያ ቤት፣ ከማተሚያ ቤት አንቺ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ አንድ ሥራ ብቻ ነበራት፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እናትሽን ደሟን ወደሚያጥበው ማሽን ማድረስ። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር መሄጃ፣ አሥራ አራት መመለሻ። እናትሽ አውቶቡስ ውስጥ መቆም አትችልም፤ ታክሲ ደግሞ የሰፈራችንን መንገድ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ መኪናዋ የቆመች ቀን እናትሽም መቆሟ ነው። እንዳንሸጣት ያደረገን ይኸው ነው።

ታዲያ ከጥቂት ወራት ወዲህ ዘይት መጠጣት ጀመረች፤ በወር ሁለት ሊትር። ጭሷ ሰማያዊ ነው። የሆስፒታሉ ዘበኛ በሩን ሲከፍትልን «ጋሼ፣ መኪና ነው ይዘው የመጡት ወይስ ባቡር?» ይለኛል። እናትሽ ከኋላ ወንበር ሆና «ባቡር ቢሆንማ ሰዓት ያከብር ነበር» ትለዋለች።

ወደ መካኒኩ ወሰድኳት። ሰፈሩ «ጆሮ» የሚለውን ታስታውሺዋለሽ፤ ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ሞተር የሚያዳምጠውን። አዳመጠ፣ አዳመጠና፣

«ጋሼ፣ ሞተሯ ላልቷል» አለኝ። «ቀጭን ዘይት በየቀዳዳው ያመልጣታል። ወፍራሙን፣ ሃያ ሃምሳ የሚሉትን ያድርጉላት። ደግሞ አደራዎን፣ ውስጧን በማጠቢያ እንዳያጥቧት።»

«ቆሽሿል እኮ።»

«ቆሻሻው ነዋ የያዛት! ዘይት የሚያግዱት ላስቲኮች አልቀዋል። ክፍተቱን የደፈነው ዝቃጩ ነው። እሱን አጠቡት ማለት ለዘይቱ በር ከፈቱለት ማለት ነው።»

«መጽሐፉ እንዲህ አይልም» አልኩት።

መጽሐፉ ከመኪናዋ ጋር የመጣው መመሪያ ነው። ገጽ ስልሳ አንድ ቀጭን ዘይት ይደረግ ይላል፤ ገጽ ስልሳ ሦስት የቆሸሸ ሞተር ይታጠብ ይላል። ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ያገኘሁበት የፊደል ግድፈት አንድ ብቻ ነው። እንዲህ ተጠንቅቆ የተሠራ መጽሐፍ በዘይት ይሳሳታል ብሎ ማሰብ ለእኔ ከበደኝ።

ጆሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «መጽሐፉ ሲጻፍ እኮ ሙሽራ ነበረች፣ ጋሼ» አለ። «አሁን አሮጊት ናት።»

«ማንን ነው አሮጊት የምትለው?» አለች እናትሽ ከኋላ ወንበር።

«ኧረ መኪናዋን ነው፣ እትዬ!»

«እንደዚያ ከሆነ ልክ ነህ።»

መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ ስንት ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች። «አባቴ፣ ይሄ ቀጭኑ ለዚያ ዕድሜ አይሆንም። ብዙ ለሄደ ሞተር ተብሎ የሚሠራ አለ፤ የደረቀውን ላስቲክ ያለሰልሳል። እሱን ካልፈለጉም ወፍራሙን ይውሰዱ» አለችኝ። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ነገሩኝ ማለት ነው። እኔ ግን በእጄ የታተመ ነገር ይዤ ነበር። ቀጭኑን ገዛሁ፤ አንድ ቆርቆሮ ማጠቢያም ጨመርኩበት።

እሑድ ጠዋት ግቢ ውስጥ በራሴ እጅ አጠብኳት። የወጣው ሬንጅ እንጂ ዘይት አይባልም። ኩራት ተሰማኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ የቆሳሰለ ገጽ ታርሞ ንጹሕ ቅጂው ሲመጣልኝ የሚሰማኝ ዓይነት ኩራት። ሰኞ ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ። ዘበኛው «ባቡሩን ምን አደረጉት?» ብሎ ሳቀ። እናትሽ ብቻ «ዝምታዋ አላማረኝም» አለች።

ረቡዕ፣ ሆስፒታል ስንሄድ ድልድዩ ላይ የዘይቱ ቀይ መብራት በራ። ወዲያው ሞተሯ ውስጥ የሆነ ነገር ልክ እንደ እንግዳ ማንኳኳት ጀመረ። አጥፍቼ ወረድኩና ወደኋላ አየሁ። ከሰፈራችን አቅጣጫ ተነሥቶ እግሬ ሥር የሚያበቃ ቀጭን የዘይት መስመር አስፋልቱ ላይ ተሰምሯል። ሳይዛነፍ፣ በማስመሪያ የተሠራ ይመስላል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምን። እናትሽ አልተቆጣችም። «መጽሐፉ ስለዚህ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ራሷ ባለችው ስትስቅ ትንፋሽ አጠራት። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አዝኖ አደረሰን። ነርሷ ወንበሩን ለሌላ በሽተኛ ሰጥታው ነበር፤ ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው፣ አልፈርድባትም። «ዓርብ ይምጡ» አለችን። ዓርብ አልደረሰችም። ሐሙስ ጠዋት ማሽኑ ያላወጣላት ውሃ ሳንባዋ ገባ፤ በአምቡላንስ ተወሰደች፤ ዘጠኝ ቀን ተኛች። ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል ያልኩሽ ያኔ ነው።

ሐኪሟ ጨዋ ሰው ነው። ልቧ ከዚያ በፊትም ተዳክሞ እንደነበር ነገረኝ። «ያን ቀን በመቅረታቸው ብቻ አይደለም» አለኝ። «ብቻ» የምትለዋ ቃል አላመለጠችኝም፤ ሙያዬ ነው። ቀጥሎም ማሽኑ ደሟን ባጠበ ቁጥር ልቧ ሊቆም እንደሚደርስ፣ ከእንግዲህ የሚጎዳት መታጠቡ ራሱ እንደሆነ አስረዳኝ። ይህን ትምህርት እጁን በጨርቅ ከሚጠርግ ሰው አስቀድሜ ሰምቼው ነበር። ለሐኪሙ ግን አልነገርኩትም።

እናትሽ ሰምታ ስትጨርስ «እንግዲያው ይብቃ» አለች፤ ሻይ እየተቀዳለት ያለ ሰው እንደሚለው፣ በእጇ እየከለከለች። ስለዚህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ቤት ነን።

ይህን እንዳልጽፍልሽ አስምላኛለች። ስለ መኪናዋ እንድጽፍ ግን ፈቅዳለች። አሁንም ከአልጋዋ ሆና «ምንድን ነው እንዲህ የምታበዛው?» አለችኝ።

«ስለ ዘይት ነው።»

«እስካሁን ስለ ዘይት?»

«ሰፊ ርዕስ ነው።»

«ልጄን ሳምልኝ» ብላ ዞር አለች።

መኪናዋን ጆሮ ሠራት፤ ሳልጠራው መጥቶ ጎትቶ ወሰዳት። ላስቲኮቹን ቀየረ፣ ሃያ ሃምሳውን ሞላ። «ነግሬዎት ነበር» አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላፈሰሰችም፤ ጭሷም ድሮ የነበረውን ያህል ሆኗል። አንድ ጊዜ ብቻ አወጣናት። ትናንት እናትሽ «እስከ ድልድዩ ውሰደኝ» አለችና ወሰድኳት። መስታወቱን ዝቅ አድርጋ ውሃውን ስታይ ቆየች። ስንመለስ የኋላውን ወንበር መታ መታ አድርጋ «ደህና ትሄዳለች እኮ» አለች።

ጆሮ እንደ ልማዱ የሚቀጥለው ዘይት የሚቀየርበትን በወረቀት ጽፎ የመኪናዋ በር ላይ ለጥፎልናል፦ አራት መቶ አሥራ ሰባት ሺህ ሦስት መቶ። አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀረናል ማለት ነው። ቁጥሩ የተሳሳተ ነው፤ ያን ያህል መንገድ አልቀረንም። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ብዙ ቆምኩ፤ ግን አላረምኩትም።

ደብዳቤውን በፖስታ አልልከውም፤ ፖስታ ጊዜ ይፈልጋል። ጎረቤታችን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። እኔን ከመጽሐፍ ያላዳነኝ አንቺን ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅሽ። የእናትሽን ጨዋታ ያውርስሽ፤ የእኔ ግትርነት እኔው ጋ ይቅር።

አባትሽ

ትኬት ስትቆርጪ ርካሽ ቀን አትፈልጊ፤ ቅርቡን ያዢ። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ቤት ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። መኪናዋ ትችለዋለች።