የመረዋ ዘቦች እያለቁ ነው

ግንቦት 19፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ዛሬም ሦስት ዘብ ገደልኩ። ልጆቹ የቀሩት እርሻ ይዟቸው ነው፤ አውቃለሁ። ሕግ ግን ሕግ ነው ብዬ ገደልኩ።

አንተ ደብተር፣ ለሰው የማልነግረውን ላንተ ልንገርህ። መረዋ የሚባል አገር የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ ለአራተኛ ክፍል፣ ለዓርብ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ። ድንበሩ ላይ ጉም አለ፤ ጉሙ ውስጥ የሰው ስም የሚበላ ጠላት። እያንዳንዱ ልጅ ድንበሩን የሚጠብቅ አንድ ዘብ አለው፤ ስም ያወጣለት ራሱ ነው። ዓርብ የቀረ ልጅ ዘቡ ይሞትበታል። ልጆች እንዳይቀሩ ያመጣኋት ዘዴ ናት። ሠራች። ር/መምህሩ በስብሰባ አመሰገነኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሽሃለሁ።

አሁን ዝናቡ ገባ፣ ድንበሩ ሳሳ። ዘብ የሞተባቸው ልጆች ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። እኔ አላዘዝኩም።

ግንቦት 26፣ ዓርብ



ዶፍ ነበር። ክፍሉ ግማሽ ባዶ። ትሁኔ ግን መጣች፣ ከዲማ በኩል፣ በእግሯ። ልብሷ ርሷል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። አየኋት። ማየቱን አየኋት። ወደ ቤት መላክ ሲገባኝ ተረቴን ቀጠልኩ። የሷ ዘብ ጎሹ ይባላል፤ በአህያ ነው የሚሄደው፣ ፈረስ ጉም ይፈራል ብላ። ለመምጣቷ ብዬ ጎሹን ዛሬ ጀግና አደረግሁት። ፈገግ አለች። ደወል ሲደወል መነሣት አቃታት።

ጤና ጣቢያው ሳንባ ምች ነው አለ። ወደ ደ/ማርቆስ ላኳት።

ግንቦት 28፣ እሑድ

ቅዳሴ ቆሜ አንድ ቃል አልሰማሁም። መምህራኑ ሁሉ ስለ ትሁኔ ያወራሉ። ትምህርት ወዳድ ናት፣ ታማም አልቀረች ይላሉ። እኔም አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ፈሪ ነኝ።

ግንቦት 30፣ ማክሰኞ

ሙታኑን ላስነሣ ሞከርኩ። አልሞቱም፣ ተማርከው ነበር፣ ተመለሱ አልኩ። ጭብጨባ ጠብቄ ነበር።  ከኋላ ወንበር ዳኘው ተነሥቶ፣ ቲቸር፣ እኛ እኮ ቀብረናቸዋል አለኝ። እጄን ይዘው ከአጥሩ ሥር ወሰዱኝ። ለእያንዳንዱ ዘብ ድንጋይ ከምረዋል። ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ለነሱ ጨዋታ አልነበረም።

ሰኔ 3፣ ዓርብ፣ ደ/ማርቆስ፣ ሆስፒታል

ክፍል አልገባሁም። በጠዋቱ መኪና መጣሁ።

እናቷ እትየ ስንዱ ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ለአስተማሪ ክብር። እዚያው መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቀመጡ ብዬ ሁሉን ነገርኳቸው። ተረት መሆኑን፣ ሕጉን ያወጣሁት እኔ መሆኔን፣ ልጅቷ ስትንቀጠቀጥ እያየሁ ዝም ማለቴን።

ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ታዲያ የሚሞት ሰው አልነበረም? አሉኝ።

አልነበረም አልኩ።

«እኔ እኮ እንዲያ እያተኮሳት ከቤት ላስወጣት አልፈቀድሁም ነበር፣ መምህር። ከቀረሁ ሰው ይሞታል ብላ አለቀሰችብኝ። የማን ልጅ ይሆን፣ እናት ይኖረው ይሆን ብየ አሰብሁ። የሰው ነፍስ ነው ብየ ራሴ ሸኘኋት።»

 

ትኩሳቱ ገና አልለቀቃትም ይላል ሐኪሙ። እትየ ስንዱ ከመጡ ጀምሮ ጎናቸውን አላሳረፉም። እኔ አለሁ፣ ትንሽ ይተኙ አልኳቸው። እሺ አሉ። ያ እሺታ ከእርግማን ባሰብኝ። ነጠላቸውን ተከናንበው አግዳሚው ላይ ተኝተዋል።

ሰኞ ልጆቹን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ተረቱ አበቃ። ለር/መምህሩም እነግረዋለሁ፤ የመጣው ይምጣ።

ትሁኔ ነቃች። እያየችኝ ነው። ስለ ጎሹ ምን ብዬ ነው የምነግ—