ያልተላጨው ዳኛ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ ፲፯ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.

ለልጄ፤

ሰላምታዬ ከነቤተሰብሽ ይድረስሽ። ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ አሁንም የማታ ፈረቃ ነው የሚሠራው? ትንሿ ልጅሽን ያ ሳል ለቀቃት? እኔ ጤነኛ ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። እንቅልፍ ብቻ ሰሞኑን እምቢ ብሎኛል።

ትናንት በስልክ የተናገርሽኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። የዘጋሁብሽ ተቆጥቼ አይደለም። በስልክ ማውራት አልወድም፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል። በወረቀት ግን እስክጨርስ ማንም አያቋርጠኝም። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ወሬውን ያመጣችልሽ የእንዳልካቸው ሚስት ታደለች ናት። «አባትሽ ራሱን ጥሏል፣ ከዳኝነቱም ተባሯል» አለችሽ። አንቺም ይህን ይዘሽ፣ «አባባ፣ ያሳፍሩኛል እኮ! እናቴ ስትሞት ለቅሶ አልደረሱ፣ አሁን ደግሞ ቤት እንደሌለው ሰው ጢምዎ ተንጨፍርሮ ሲልቨር ስፕሪንግን ይዞራሉ። ሰው ምን ይለኛል?» አልሽኝ። ሰው የሚልሽን አላውቅም። የሆነውን ግን ከእኔ ስሚው።

ዳኝነቱን እንዴት እንደጀመርሁ ታውቂያለሽ። አስመራ፣ በአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር በቃኘው ጣቢያ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስሠራ ወታደሮቹ ቤዝቦል ሲጫወቱ በአጥር አይቼ ተማርሁ። ሕጉን እዚህ አሜሪካ መጥቼ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ብቻዬን አነበብሁት። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ ተሳስተሃል ባይንም አልወድም። ጨዋታው ባይገባሽም ይህን ያዢ፤ ኳስ ሲወረወር ከተቀባዩ ኋላ ጭምብል አጥልቄ የማጎነብሰው እኔ ነኝ። ኳሱ በደንብ አለፈ ወይስ ወጣ ብዬ የምፈርድም እኔ ነኝ፤ በደንብ ያለፈውን ሦስቴ ሳይመታ የቀረ መቺ ይወጣል። ከፈረድሁ በኋላ መመለስ የለም።

ለዚህ ሥራ ፊትና ልብስ ያስፈልጋል ብዬ ስሟገት ኖሬያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ተላጭቼ፣ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጫማዬን ቀለም ቀብቼ ነበር የምወጣው። ጎረምሶቹ «ሰር» ይሉኝ ነበር፤ አሰልጣኞቹም ሊከራከሩኝ ሲመጡ ኮፍያቸውን አውልቀው ነበር። ባለፈው ዓመት እንዳልካቸው ጢሙን ሳይላጭ መጣ። ታክሲ ይነዳል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ይዳኛል። ሂድና ተላጭተህ ና አልሁት። «ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ኤርፖርት ተሰልፌ ነው የመጣሁት። ደግሞ ኳሱ ጢሜን አያይ!» ብሎ ሰዉን አሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሄዶ ተላጭቶ መጣ።

እኔ ከግንቦት አጋማሽ ወዲህ አልተላጨሁም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ፊቱ የእኔ ነው።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። እየቆየ ግን ነጩ ጢም ጉንጬን ሞላው። አንድ ቅዳሜ አንዱን መቺ ኳሱ በደንብ አልፎሃል ብዬ አስወጣሁት። አሰልጣኙ እንደ ወትሮው ኮፍያውን ይዞ፣ «ሰር፣ ትንሽ የወጣ አልመሰለዎትም?» እያለ በትሕትና መጣ። ልመልስለት ጭምብሌን አወለቅሁ። ሰውየው ፊቴን አየና ቆመ። ኮፍያውን መልሶ ደፋ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሮ፣ «ይህን ሰውዬ ከየት ነው ያመጡት?» አለ። ልጆቹ ተንከተከቱ። በሚታጠፍ ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት እናትም፣ «ፓርኩ ውስጥ ነው እንዴ ያደረው?» ስትል ሰማኋት። ያው ድምፅ፣ ያው እጅ፣ ያው ዓይን ነበር። ጭምብሉ ፊቴ ላይ ሳለ «ሰር»፣ ሳወልቀው «ሰውዬ»!

ከዚያ ወዲያ የማይከራከረኝ ጠፋ። ትክክል ስፈርድም ይጮኹብኛል። እንዳልካቸው በእረፍቱ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሐዘን አለብዎት እንዴ? ማን ሞተብዎት?» አለኝ። ማንም አልሞተብኝም አልሁት። «ካለብዎት ለሚስተር ዶይል ልንገረው፤ እነሱም እኮ ሐዘን ይገባቸዋል» አለ። ሚስተር ዶይል ዳኞቹን የሚመድበው ነው። አፍህን ዝጋ፣ እኔ በማንም ለቅሶ ቤት ወንበር የለኝም አልሁት። ሄዶ ውኃ አምጥቶ ሰጠኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የፍጻሜው ጨዋታ ነበር። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ የተመኘሁት እሱን መዳኘት ነው፤ ዘንድሮ ደረሰኝ። ማልጄ ሄድሁ። ሚስተር ዶይል ክፉ ሰው አይደለም። ከፋርማሲ ምላጭና አረፋ ገዝቶ ጠበቀኝ። «ወዳጄ፣ ሁለቱም ቡድኖች አቤት ብለውብሃል። ተላጭ፣ ጨዋታው ያንተ ነው» አለኝ። የሚመጣው ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ሰኞ፣ እላጫለሁ አልሁት። «ጨዋታው እኮ ዛሬ ነው! ከፈለግህ ነገ መልሰህ አሳድገው» ብሎ ሳቀ።

ምላጩን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ይህን የምነግርሽ፣ የሆነውን ከእኔ ስሚው ስላልሁሽ ነው። አረፋውን ተቀባሁ። ምላጩን ጉንጬ ላይ አስጠጋሁ። ከውጭ ልጆቹ ሲያሟሙቁ ይሰማኛል። መስተዋቱ ውስጥ ያየሁትን አልጽፍልሽም። አረፋውን በውኃ አጠብሁት።

ወጥቼ ጭምብሉንና ሸሚዙን ለእንዳልካቸው ሰጠሁት። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ አልገባም» አለ። ግባ፣ ጫማህን ግን ጥረግ አልሁት። ጠርጎ ገባ። መልኩ ያምራል፣ ተላጭቷል፣ ሸሚዙም ልክ ሆነለት።

እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ ኳስ በጣም ወጣ ብሎ አለፈ። እንዳልካቸው ልክ ነው ብሎ መቺውን አስወጣው። ስህተት ነበር። ራሱም አውቆት ዞር ብሎ ወደ አጥሩ ተመለከተ። ሜዳው ላይ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። መቺው «እሺ ሰር» ብሎ ዱላውን ይዞ ሄደ። ያ ኮፍያውን የደፋብኝ አሰልጣኝም አጨበጨበ። ፊት ያስከብራል ስል የኖርሁት ልክ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ልክ መሆን ግን ደስ አይልም።

ሚስተር ዶይል ሲሸኘኝ፣ «ስትላጭ ተመለስ፣ ቦታህ አለ» አለኝ። ምላጭ የሚያስገባኝ ቦታ ዳግመኛ አልገባም አልሁት። ስለዚህ አልተባረርሁም፤ ለታደለች ይህን አስተካክለሽ ንገሪያት።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻልሁም። ይህን እየጻፍሁ እንኳ ተነሥቼ ጆርጂያ አቬኑን ቁልቁል ሄጄ ተመለስሁ። ተመልሼም ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቱ ቢጣመም ከዚያ ነው።

ለቅሶ ለምን አልመጡም ላልሽኝ መልሴ ይኸውልሽ። ለቅሶው የተቀመጠው በባለቤቷ ቤት ነው። ሰው ሁሉ እሱን እግዜር ያጥናህ ሲል እኔ የት ልቀመጥ? ማንስ ልባል? የእናትሽና የእኔ ጉዳይ አንቺ ገና ፊደል ሳትቆጥሪ በሽማግሌ ፊት አልቋል። እሷ ሄደች፣ እኔም አትመለስ አልሁ። ያልሁትን አላጥፍም፤ ለሰውየውም ክፉ አላስብም።

የአርባዋ ጸሎት በመጪው እሑድ እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ ፍትሐት በተደረሰላት ቤተ ክርስቲያን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ጻፊልኝ። እሑድ አውቶቡስ ቶሎ ቶሎ ስለማይገኝ ነው የምጠይቅሽ። አዳራሽ አልገባም፣ ምግብም እንዳታስቀምጪልኝ።

አንድ ነገር ግን ሳይውል ሳያድር ለቄሱ ንገሪያቸው። በቀብሩ ዕለት ሲያሳርጉ «ወለተ ማርያም» እያሉ ነበር የሚጠሯት። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አንቺ ያን ጊዜ መስማት አትችይም ነበር፤ ሁለት ሴቶች ደግፈውሽ ነበር፣ ነጠላሽም ጭቃ ላይ ወድቆ ነበር። የእናትሽ የክርስትና ስም ወለተ ሥላሴ ነው። ይህ ይታረም።

ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ ወገብሽን ያበርታልሽ፣ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው።

አባትሽ