ሰባት ሰዎች በፊታቸው ሲቸገሩ እጃቸው ላይ ስለተቀመጡት ስለ ጋሽ ሳጥን፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ማኅበር የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የልዩ ስብስብ ክፍል በር በሰዓቱ ሳይከፈት ቀረ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። የክፍሉ ኃላፊ፣ ከጥበቃ ሠራተኛው እስከ ዳይሬክተሩ ሁላችንም ጋሽ ሳጥን እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ ባልደረባችን፣ ድንገት በገጠማቸው የልብ ሕመም በዚያው ማለዳ ከመኖሪያ ቤታቸው ሳይወጡ ማረፋቸውን ማኅበራችን በጥልቅ ሐዘን ለአባላቱ፣ ለተገልጋዮችና ለሕዝብ ያስታውቃል።

ረቡዕ ዕለት በመግቢያው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው የአስተዳደሩ ማስታወቂያ አገልግሎታቸውን በአራት መስመር ጠቅልሎ “ታታሪና ትሑት” ብሏቸዋል። እውነት ነው፣ ነበሩ። ትሕትናቸው ምን እንደሠራ ግን አልጻፈም። የመጨረሻ ሥራቸው ተጠናቆ እያለ ለሕዝብ እንዳልተከፈተም አልጻፈም። ማኅበሩ የቀረውን ይጽፋል።

ሟቹ በተቀጠሩ በሦስተኛው ዓመት አንድ አሮጌ ጤና ጣቢያ ሊፈርስ መሆኑን ሰምተው ሄዱ። ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ አዋላጆች በእጃቸው የጻፏቸውን አራት መቶ አሥራ ሁለት መዝገቦች አገኙ። ገጽ በገጽ በንባብ ጠረጴዛዎች ላይ አስጥተው አደረቋቸውና በስድሳ ስምንት ሳጥኖች አኖሯቸው። ከዚያ ወዲህ የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው መጣ። ለፓስፖርት የሚፈልገው መጣ፤ ለጡረታ የሚፈልገው መጣ፤ ለማወቅ ብቻ የሚፈልገውም መጣ። እናቱ የት ሰፈር እንደነበሩና ዘመኑን በምን እንደሚያስታውሱት ይጠይቁታል። ከዚያ ተነሥተው የማውጫ ካርድ ሳያገላብጡ በቀጥታ ወደ አንዱ ሳጥን ይሄዳሉ። ቅጽል ስማቸው የመጣው ከዚህ ነው።

ሩቅ ያለ ሰውም መዝገቦቹን እንዲያገኝ በሚል የስብስቡን የኢንተርኔት የመፈለጊያ መመሪያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፉ። ስሕተቱም እዚህ ላይ ተፈጠረ። መመሪያውን የጻፉት መዝገቦቹ በራሳቸው ጭንቅላት ውስጥ በተደረደሩበት መንገድ ነበር፦ ሳጥን አንድ፣ ሳጥን ሁለት፣ እስከ ስድሳ ስምንት። ለእርሳቸው እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ሰፈር፣ አንድ ዘመን፣ አንዲት አዋላጅ ነበረች። ለሌላው ሰው ግን ቁጥር ብቻ ነው።

ባለፈው ጥቅምት 11 ቀን። መመሪያው ከመመረቁ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በዲጂታል ክፍል የምትሠራ ወጣት ባልደረባችን የአጠቃቀም ሙከራ አዘጋጀች። መዝገብ ፈልገው የማያውቁ ሰባት ሰዎች በየተራ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። የተሰጣቸው ሥራ አንድ ነው፦ የራስን ወይም የቤተሰብን የልደት መዝገብ መፈለግ። ጋሽ ሳጥን ከኋላ ባለው ወንበር ተቀምጠው ማየት ፈለጉ። ባልደረባችንም “ጋሼ፣ አንድ ቃል ከተነፈሱ ሙከራው ተበላሸ ማለት ነው” አለቻቸው። ተገልጋይ ሁለቴ ሲጠይቅ ዝም ብለው መስማት የማያስችላቸው ሰው “እንግዲያው እጄ ላይ እቀመጥበታለሁ” አሉ። የተናገሩትንም አደረጉ።

ለሁለት ሰዓት ከሩብ እንደዚያ ተቀመጡ። ከሰባቱ አንዱ የሆነው የአውቶቡስ ሹፌር ዘጠነኛው ሳጥን ላይ ደርሶ፣ እርሱ ተሳፋሪ የሚያወርደው በፌርማታ ስም መሆኑንና በቁጥር ቢያወርድ ኖሮ እስካሁን ይደበደብ እንደነበር ተናገረ። ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅ በገዛ እጃቸው የጻፉትን መዝገብ ማግኘት አቃታቸው። መጨረሻ ላይ የተቀመጡት የጽዳት ባልደረባችን ናቸው። የእነዚያን ሳጥኖች አቧራ አሥራ አንድ ዓመት ጠርገዋል፤ የተወለዱበትን ቀን ግን አያውቁም። አንዱን ከፍተው ሌላውን ሲዘጉ ቆዩና ማውሱን ቀስ አድርገው ለቀቁት። እንዳልተማሩና ጥፋቱ ከዚያ እንደሆነ በመናገር ይቅርታ ጠየቁ። የሚፈልጉት ሳጥን አርባ አንድ ነበር። ከኋላቸው የተቀመጡት ሰው ያውቁታል። አልተናገሩም፣ አልተነቃነቁም። በክፍሉ የነበርን ሰዎች ያንን ፊት አይተናል።

ሙከራው ሲያበቃ እጃቸውን አወጡ። የወንበሩ ሽመና መዳፋቸው ላይ ታትሞ ነበር። ተነሥተው የጽዳት ባልደረባችን ፊት ቆሙ። “እትዬ፣ ያላወቁት እርስዎ አይደሉም” አሏቸው። “የደበቅሁት እኔ ነኝ።”

የሙከራው ሪፖርት በማግስቱ ለአስተዳደሩ ቀረበ፦ ከሰባት ሰው ያገኘ የለም። የምረቃው መጥሪያ ታትሞ ስለነበር አስተዳደሩ ሞካሪዎቹ “በአግባቡ ያልተመረጡ” ናቸው ሲል ሪፖርቱን መለሰው። አዘጋጇንም “ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል” በመግቢያው ወዳለው የተገልጋዮች ቦርሳ ማስቀመጫ አዛወራት። ጋሽ ሳጥን በዚያው ሳምንት ምረቃው እንዲዘገይ በደብዳቤ ጠየቁ። የደብዳቤው ማብቂያ እንዲህ ይላል፦ “ተጠያቂ ከተፈለገ መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ያደረገችው መብራት ማብራት ነው።” እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ መልስ አልመጣላቸውም። በምረቃው ቀን አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። ከቦርሳ ማስቀመጫው ጀርባ ከወጣቷ ባልደረባችን ጎን ቆመው የክብር እንግዶችን ካፖርትና ጃንጥላ እየተቀበሉ፣ በየተራ “እንኳን ደህና መጡ” እያሉ ዋሉ።

ከኅዳር እስከ ግንቦት። በምሳ ሰዓት ሁሉ አንድ ሳጥን ታቅፈው ወደ ቦርሳ ማስቀመጫው ይወርዱ ነበር። እርሷ ምንም እንደማያውቅ ሰው ትጠይቃለች፣ እርሳቸው ይጽፋሉ። የሁለት ዓመት ሥራቸውን በገዛ እጃቸው አፈረሱት። አራት መቶ አሥራ ሁለቱን መዝገቦች እንደገና አንድ በአንድ አንብበው ሰው በሚጠይቅበት ቃል ጻፏቸው፦ የት ሰፈር፣ በግምት መቼ፣ ያዋለደችው ማን ናት። ቦርሳውን ሊወስድ የመጣውን ሁሉ አስቁመው ይህ ቃል ምን ማለት እንደሚመስለው ይጠይቁታል። ያልገባው ካለ አመስግነው ይሰርዙታል። በስድሳ ሁለት ዓመታቸው፣ ማንም ሳያዛቸው። የመጨረሻውን መዝገብ የጨረሱት ከማረፋቸው በፊት በነበረው ዓርብ ነው።

ማኅበሩ አስተዳደሩን ሦስት ነገር ይጠይቃል። አዲሱ መመሪያ ይከፈት። የጥቅምቱ ሪፖርት ከነደብዳቤያቸው ስድሳ ዘጠነኛ ሳጥን ሆኖ በስብስቡ ውስጥ ይቀመጥ። ወጣቷ ባልደረባችን ወደ ሥራዋ ትመለስ። ይህን የምንጠይቀው በሐዘን ምክንያት እንዲታዘንልን አይደለም፤ ሥራው ትክክል ስለሆነ ነው።

ትናንት፣ ባረፉ በሦስተኛው ቀን፣ በዚያው ክፍል በዚያው ደንብ አዲሱን መመሪያ ሞከርነው። የጽዳት ባልደረባችን ቀድመው ተቀመጡ። ከኋላ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ገጹ ተከፈተ፦ ቀኑ፣ የእናታቸው ስም፣ የሕፃኗ ክብደት፣ ከሥሩም አዋላጇ የጨመረችው አንድ መስመር፣ “ከባድ ዝናብ ነበር፤ ልጅቷ ደህና ናት።” ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ከዚያ ወደ ባዶው ወንበር ዞሩ።

“ጋሼ” አሉ፣ “አሁን እጅዎን ያውጡ።”

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ ለእኅታቸው፣ በእርሳቸው እጅ የልደት ቀኑን ላገኘ ሰው ሁሉና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። የኋላው ወንበር ከቦታው አይነሣም።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ማኅበር