የሙሽሮቹን ፎቶ ስላጠፋሁበት ስልክ

ለውድ ወንድምዓለም ሰዲቅ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የሰመራው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ረሺዳስ ከአራስ ቤት ወጥታ በረታች? ሕፃኑስ አንገቱን አቀና? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ያመመኝ ነገር የለም።

ደውለህ ስታጣኝ ምን ሆና ነው ብለህ እንደተጨነቅህ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ የጠፋው ስልኩ ነው።

ሙሽራ ላስውብ አርብ ገበያ ከተማ ወርጄ ስመለስ ሚኒባሱ ላይ ግፊያ ነበር። ቤት ደርሼ ቦርሳዬን ብከፍት ስልኬ የለም። የሂናውንና የሹሩባውን አሠራር እንዳልረሳ ብዬ ያስዋብኳቸውን ሙሽሮች ሁሉ ፎቶ እዚያ ነበር የማስቀምጠው። እጄ በሂና ሲያዝ እያስቸገረኝ የይለፍ ቃሉን ካነሳሁት ቆይቻለሁ።

በጎረቤታችን በማሬ ስልክ ብደውል አንድ ሰው አነሳ። ወድቆ እንዳገኘው፣ ንፋስ መውጫ ሲመጣ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። አነጋገሩ የጨዋ ሰው ስለነበር እፎይ አልኩ።

ወሬው ግን ሰውዳ ጆሮ ገባ። አታውቃትም፤ ለሠርጓ ያስዋብኳት የጨርቅ ነጋዴው የመሕቡብ ሚስት ናት፣ ለባዕድ ወንድ ፊቷን አሳይታ አታውቅም። መጣችና ተቀመጠች፤ አልጮኸችም። «ካንቺ በቀር ማንም አያየውም ስላልሽኝ ነው ፀጉሬን ገልጬ የተነሳሁት» አለችኝ።

ስልክ ጠጋኙ ምስጋናው ዘንድ ሄድኩ። አንተ ከመሄድህ በፊት በከፈትክልኝ የጎግል አካውንት በኩል፣ በሌላ ስልክ ገብቼ ያለውን ሁሉ ማጥፋት እንደምችል አስረዳኝ። ግን አንዴ ከጠፋ ስልኩ የት እንዳለ መከታተል አይቻልም፤ ሰውየውም ሊመልሰው አስቦ ከሆነ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፣ አስቢበት አለኝ። ከጁምዓ በኋላ የምትልክልኝ የድምፅ መልእክት ሁሉ፣ ሕፃኑ በተወለደ ቀን ሲያለቅስ የቀዳህልኝም እዚያው ነበር። ሰውየውን ልጠብቀው ብዬ ነበር። በኋላ ግን ድምፅህ የእኔ ነው፣ ፎቶው ግን የሰው ነው አልኩና ራሴ ነክቼ አጠፋሁት።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ ተዘግቷል፤ ሰውየውም አልመጣም። ሲሙን ላስመልስ ብሄድ በአንተ ስም የወጣ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ ይምጣ አሉኝ። ቁጥርህንም በቃሌ አልያዝኩትም ነበር።

እስካሁን የማንም ፎቶ ወጥቶ አልታየም። ያስዋብኳቸውን ሁሉ ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ የሆነውን ነገርኳቸው። የመረቁኝ አሉ፤ በር ላይ አቁመው ሰምተውኝ የዘጉብኝም አሉ። ሰውዳ ለእህቷ ሠርግ ጠርታኛለች፤ ስልክ ሳትይዢ ነይ ብላ። አሁን ፎቶ የምትፈልግ ሙሽራ ካለች በራሷ ስልክ ነው የማነሳት፤ የእኔው አዲሱ ስልክ ደግሞ ያለ ይለፍ ቃል አይከፈትም።

ሥራው ቀዝቅዟል። ሰዉ ከጁምዓ ወደየቤቱ ሲበተን ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ሱቄ ውስጥ እቀመጣለሁ። ማሬ አንዳንዴ ብቅ ትላለች፤ እሷም የልጆች እናት ናት፣ አትቆይም።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ታሂር ነው፤ ባቄላ ጭኖ ወደ ሰመራ የሚሄደው ሹፌር። መስጊዱ አጠገብ ያለውን መጋዘንህን አውቀዋለሁ ብሎኛል።

ረሺዳን እህትሽ ናፍቃሻለች በልልኝ። ሕፃኑን ግንባሩን ሳምልኝ። የመጋዘን ጓደኞችህንም ሰላም በልልኝ። ከዚህ ማሬ ሰላም ብላሃለች። ከቤት ሌላ ሰላም የሚልህ የለም፤ እማ ከሞተች ወዲህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከጀርባው የጻፍኩት በራሴ ስም ያወጣሁት አዲሱ ቁጥሬ ነው። ስልኩ ላይ የዘመድ ስም ገና አልተመዘገበም። ደውልና ያንተን ልመዝግበው።

እህትህ ነጅዋ
ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.