በእጅ ጽሑፌ ስለ ተወሰደችው የእህቴ ልጅ

ለተከበሩ የሕፃናት ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲሰነብት፣ እንቅልፍዎም የእኛን ያህል እንዳይቆራረጥ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ የሆነ ጫማ ጠጋኝ ነኝ። እህቴ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን የምታስጠብቅበት ስላጣች የስድስት ዓመቷን ልጅ ቆልፋባት ትሄዳለች። ባለፈው ወር ልጅቷ የቀረቻቸውን ትንሽ ወተት ስትደፋባት፣ ከሥራ ገና የገባችው እህቴ በእርጥብ ፎጣ መታቻት፤ ከልጅቷ በላይ ያለቀሰችው ግን እሷ ነበረች።

በራችሁ ላይ «ቀድማችሁ ንገሩን፤ አንፈርድም፣ እናግዛለን» የሚል ተለጥፏል። የተጻፈ ነገር አምናለሁና «አንቺ ፈሪ፣ ሰው አይበሉም!» ብዬ እየቀለድኩባት እህቴን ያመጣኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ቅጻችሁ። በእጅ ጽሑፌ ስለምኮራ ቁልፉንም ፎጣውንም አሳምሬ ጻፍኩ፤ ለመጻፊያ የተተወው ስድስት መስመር አልበቃ ብሎኝ ወደ ጀርባው ዞርኩ። የለመንነው አንድ ነገር ነበር፤ ልጅቷ የምትውልበት ቦታ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅልጥፍናችሁ። የሕፃናት መዋያ ተራ ሁለት ዓመት እንደሚፈጅ የተነገረን ሰኞ ነው። ልጅቷን ሊወስዱ ሦስት ባለሙያዎች በመኪና የመጡት ረቡዕ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ አንባቢነታችሁ። «ትቆልፍባታለች»፣ «መታቻት» ያልኩት ቃል በቃል በውሳኔያችሁ ሰፍሯል። ጽሑፌ ሲጠቀስ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፤ «እርዱን» ያልኩት ብቻ ተዘለለ።

አራተኛውን እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም። እህቴ «የጻፍከው አንተ ነህ» ካለችኝ ወዲህ አታናግረኝም። ፎጣው ልክ ነበር አልልም፤ ልጅ አይመታም። ነገር ግን ክፉ እናት ብትሆን ኖሮ ጥፋቷን ይዛ በእግሯ ወደ እናንተ ትመጣ ነበር? «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል፤ እናንተ ግን የተናገራችሁትንም የወለድነውንም አንድ ላይ አጠፋችሁብን።

እንግዲህ በትሕትና እለምናለሁ፤ ልጅቷን መልሱልን፣ የምትውልበትንም ስጡን። ለዚህ ቅጽ ካስፈለገ ግን ሌላ ጸሐፊ ይፈለግ።

ስላነበቡልኝ እጅ እየነሳሁ፣ ያመነበት ወረቀት የካደው፣
የልጅቷ አጎት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤታችን፣ የሦስት ልጆች እናት፣ እንድሞላላት ቅጻችሁን ይዛ መጥታ ነበር። የእኛን ካየች በኋላ እሳት አያያዘችበት። ሰሞኑን ልጆቿ ሲገረፉ ይሰማል፤ ሮጦ የሚያንኳኳው እኔ ነኝ፤ እሷ ወደ እናንተ ዝር አትልም። እንኳን ደስ ያለዎት፤ በዓመታዊ ሪፖርትዎ ላይ «የአመልካቾች ቁጥር ቀንሷል» ብለው ይጻፉ።