የኬን ጠመንጃና የመቋሚያው ቦርሳ

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

ከሥራ መልስ። ሽሮ፣ ጾም ነው እንግዲህ። ትከሻዬ ዛሬም እምቢ ብሏል። የዳቦ ሣጥን ማንሳት የስልሳ ዓመት ሰው ሥራ አይደለም።

ደብተሬ፣ አትሳቂብኝ። ጠመንጃ ይዤ ገብቻለሁ።

የአየር ጠመንጃ ናት፣ በሞላ የምትሠራ። የኬን። እዚህ ለንደን፣ ፓርክ ሮያል ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ስንት ዓመት አብሮኝ የሠራ እንግሊዛዊ፤ ጡረታ ወጥቷል፣ ከጥምቀት በኋላ ስፔን ሊኖር ይሄዳል። አንድ ቀን ሻይ ላይ አባቴ ናዝሬት በዓል በመጣ ቁጥር ዒላማ ያስተኩስ እንደነበር አውርቼለት ኖሯል። አልረሳም። ዛሬ በመኪናው ቤት ድረስ ሸኘኝና ከኋላ አወጣት። እስክሄድ ሞክራት፣ ከተስማማችህ ያንተ ናት፣ ካልሆነ መልስልኝ አለ። ፈቃድ አያስፈልጋትም፣ ኃይሏ ከተወሰነው በታች ነው። ግን ሳትሸፈን ከቤት አትወጣም፣ ልጅ እጅ አትገባም።

የረጅም ቦርሳ ሽፋኗን ዚፕ ከፈትኩ። ያው እንደ አባቴዋ ጀርመን ሠራሽ። ያው ሰደፍ። ያው የዘይት ሽታ።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማ አየችን። ብዙ አትናገርም። እስከ ጥምቀት፣ አለች፤ ከዚያ ወዲያ በቤቴ ጠመንጃ አያድርም። በዚያ ክፉ ዘመን ታላቅ ወንድሟን ከቤት ሲወስዱት በር ላይ የቆመው ሰው ጠመንጃ እስከ ዛሬ በሕልሟ ይመጣል። አውቃለሁ። አውቄም ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አስገባኋት፣ ከመቋሚያዎቹ ረጅም ቦርሳ ጎን። የመዘምራኑን መቋሚያ የማስቀምጠው እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ከቅዳሴ መልስ። ዝናብ። ጥሩዬ ተኝታለች። ስለ አባቴ ልንገርሽ።

ጥምቀት ሲደርስ ታቦቱ ከሚያድርበት ሜዳ ዳር ሁለት እንጨት ይተክላል፣ በመሃል ሲባጎ ይወጥራል፣ ከሲባጎው ከረሜላ በክር ይንጠለጠላል። ክሩን የበጠሰ፣ ከረሜላው የእሱ። የሚያንጠለጥለው እኔ ነኝ! አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ቅቤ ቀብተው የሚመጡ ጎረምሶች፤ ኮረዳ ቆማ እያየቻቸው ይስታሉ፣ ከዚያ ጥፋቱ የጠመንጃዋ ይሆናል። አባቴ ሁሉንም አንድ ነገር ይላቸዋል፦ አትነቃት፣ እንደ ሕፃን ደገፍ አድርጋት። በሞላ የምትሠራ ጠመንጃ ስትተኮስ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ትነጥራለች፣ ጨምድደው ከያዟት ትስታለች። ማን ሰምቶት። ጠመንጃ የያዘ ወንድ ይጨመድዳል።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። መሣሪያ ያለው ያስረክብ ተባለ። መጫወቻ ናት ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር፣ ፈራ። አስረክቦ ሲመለስ ኮቱ ኪስ ውስጥ የጥይቷ ቆርቆሮ ቀረች። ስለ ቆርቆሮ የጠየቀው የለም። እስኪሞት ድረስ መስኮቱ ላይ ነበረች።

ናፈቀኝ። ሰው በዘይት ሽታ ይናፍቃል?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

የፈረንጆቹ ገና። ከተማው ጭር። አውቶቡስ የለ፣ ባቡር የለ። ጥሩዬን የሥራ ጓደኛዋ በመኪና ወሰደቻት፤ የአረጋውያን ቤት በዓል አያውቅም።

እስቲ እንመካከር ደብተሬ። ይህች ዕቃ ትሆነኛለች?

ከባድ ናት። አምስት ኪሎ ጤፍ በእጅህ ይዘህ አነጣጥር እንደ መባል ነው። ሞላዋን ለማጥበቅ አፈሙዟን ወደ ታች መስበር አለ። በቀኝ ሞከርኩ፣ ትከሻዬ ጮኸ። በግራ ሞከርኩ፣ እኔ ጮኽኩ። በጉልበቴ ደግፌ በስንት መከራ። ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነን፣ ግቢ የለን። ዌምብሊ ውስጥ የት ልተኩስ? ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አሮጌ መጻሕፍት የሞሉ ካርቶኖች ደርድሬ አንድ ተኮስኩ። ዷ! በአየር የምትሠራ ዕቃ እንዲህ ትጮኻለች? ካርቶን መትቻለሁ፤ ያነጣጠርኩበትን ግን አይደለም። የታች ጎረቤታችን ጣሪያዋን በመጥረጊያ ደበደበችው። በገና ቀን! ይቅርታ ልጠይቅ ወረድኩ። ወንበር ወደቀብኝ አልኳት። አመነችኝ፣ ኬክም ሰጠችኝ። ጾመኛ ነኝ ማለት አቅቶኝ ተቀብዬ ወጣሁ፤ ፍሪጅ ውስጥ የእኛን ገና እየጠበቀ ነው።

ስለዚህ አትሆንም። ለቤትም ለትከሻም ለጎረቤትም አትሆንም። ለኬን ትመለስ።

ይኸው ጻፍኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ በጨርቅ ወለወልኳት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

ኬን ክለቡ ወሰደኝ። ከለንደን ወጣ ብሎ ነው፤ ጭቃ ሜዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሽማግሌዎች ከነፔርሙዛቸው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሞላዋን ኬን እያጠበቀልኝ ተኮስኩ። ሳትኩ። እንደገና ሳትኩ። ጥፋቱ የጠመንጃዋ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እንደ እነዚያ ጎረምሶች። ኬን ክንዴን ነካ አደረገና፣ በጣም ጨብጠሃታል፣ ላላ አድርጋት አለኝ።

የአባቴ ቃል! በእንግሊዝኛ!

ዓይኔ ሞላ። ብርዱ ነው አልኩት። ግራ መዳፌ ላይ ዝም ብዬ አስተኛኋት፣ ትንፋሼን ዋጥኩ። ለዒላማ የቆመችው ቆርቆሮ ዘላ ወደቀች። ቀጣይዋም። ከረሜላውን መልሶ የሚያንጠለጥል ሰው በዓይኔ ፈለግኩ፣ እኔው መሆኔን ረስቼ።

የረቡዕ ዕለቱን ሰርዢልኝ። አልመልስም። ጥሩዬን እንዴት እንደማሳምን ግን እ/ር ያውቃል።

ቅዳሜ፣ ጥር 3፣ አመሻሽ

አፈር ልብላ።

ቤ/ክ ለጥምቀት የወረብ ልምምድ ነበረን። ረፍዶብኛል፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ረጅሙን ቦርሳ መዝዤ ሮጥኩ። ከበደኝ። ትከሻዬን ረገምኩ። 18 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ጉልበቴ መሃል አቁሜያት፣ ወረቡን እያንጎራጎርኩ። ፖሊስ አጠገቤ ቢቀመጥ ጤና ይስጥልኝ እለው ነበር።

መሪጌታ መቋሚያ ሊያድሉ ዚፑን ከፈቱ። ቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ። መልሰው ዘጉት። ነጠላቸውን አውልቀው ቦርሳው ላይ ጣል አደረጉና፣ ዛሬ በባዶ እጃችን እንለማመድ፣ መጀመሪያ ድምፃችን ይስተካከል አሉ። እኔን ከቦርሳው ጎን አስቀመጡኝ። ሰው ሁሉ ሲያሸበሽብ እኔ አንገቴን ደፍቼ ዕቃ ጠባቂ።

ሲያልቅ ለብቻዬ ገሠጹኝ። መጫወቻም ብትሆን ቦታዋ እዚህ አይደለም ወንድሜ። ይቅር በሉኝ አልኳቸው። ብቻዬን በአውቶቡስ አልለቀቁኝም፣ በመኪናቸው ቤት አደረሱኝ። ከበሮ መቺው ግን አጮልቆ አይቶ ኖሯል። ጥሩዬ በሩን የከፈተችው ስልክ በእጇ ይዛ ነው። በስልኩ ወሬ እኔ ተኩሻለሁ፣ አንድ ሰውም ቆስሏል።

እሑድ፣ ጥር 4

ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ይህ ይብሳል። ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለአንድ ዕቃ።

ቁርስ ላይ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እናትህ እንዴት ቻለችው? ጠመንጃ ከልጆቿ ጋር ማሳደር?

አልጋ ሥር ነበረች፣ እማማ ምንም አትልም ነበር አልኩ። እርግጠኛ ነህ? አለች።

ናዝሬት ደወልኩ፣ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ አልማዝ። እስኪያስላት ሳቀች። «በእማማ ቤት? ኧረ አንተ ልጅ! አንድ ቀን አድራ አታውቅም!» የምታድረው ልብስ ሰፊው ጋሽ አወል ሱቅ ነበር። በበዓል ጠዋት አባባ ያመጣታል፣ ማታ ይመልሳታል። አልጋ ሥር የነበሩት እንጨቶቹና ሲባጎው ናቸው። ስንት ዘመን አልጋ ሥር ያስተኛኋት እኔ ነኝ!

አባባን ቅር አይለውም ነበር ወይ አልኳት። «ምን ቅር ይለዋል? የእሱ ብቻ ሆና ታውቃለች እንዴ? የበዓልተኛው ሁሉ ነበረች።»

ስልኩን ዘጋሁ። ጥሩዬ ሁሉንም ሰምታለች። ሻዬን አሙቃ መልሳ አቀረበችልኝ።

ዓርብ፣ ጥር 9

ወስኛለሁ። ፈጽሜያለሁም።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከኬን ጋር ክለቡ ሄድን። ጠመንጃዋ እዚያው ትቀራለች፣ በክለቡ የብረት ቁም ሣጥን ተቆልፎባት። የራሱ የሌለው የመጣ ሁሉ ይተኩስባት። ኬን መጀመሪያ ቅር ያለው መሰለኝ፤ ስለ ጋሽ አወል ሱቅ ስነግረው ሳቀ። በወር አንድ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ሞላዋን ጉልበት ያለው ያጠብቅልኛል።

ስንሰነባበት አቀፈኝ። እንግሊዛዊ፣ ያውም ኬን! ባዶ የጥይት ቆርቆሮ ኪሴ ከተተልኝ። ስለ አባቴ ቆርቆሮ ነግሬው አላውቅም። ቤት ስደርስ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳት። ጥሩዬ አየቻት፣ አለፈች። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታም ሄዳ አየች። ዛሬ በጊዜ ተኛች። ስታንኮራፋ ይሰማኛል። እ/ር ይመስገን።

ቅዳሜ፣ ጥር 10፣ ከተራ

ጠዋት። ነጠላዬ ተተኩሷል። ልንወጣ ነው።

መስኮቱን ልከፍት ቆርቆሮዋን ባነሳት ከበደችኝ። ከፈትኳት። ከረሜላ። እስከ አፏ። ከላይ ነጭ ክር ተጠቅልሎ።

ጥሩዬን አየኋት። ጫማዋን እያሰረች ነው። ቀና ሳትል፣ እኔ ጠመንጃ አልነካም አለች። ከረሜላ የሚያንጠለጥል ከጠፋ ግን የሚመጣው ወር ክለቡ አብሬህ እሄዳለሁ።

ቦርሳውን አነሳሁ፣ ወደ በሩ። አላሳለፈችኝም። መጀመሪያ ዚፑን ክፈትና አሳየኝ ትላለች። መቋሚያ ነው እላለሁ። ክፈት ትላለች። እየከፈትኩላት ነው፣ እሷም እየሳቀች—