አባባ ከኋላ ናቸው

ለማትጠገቢው እታለም፣

እንዴት ነሽ? ከእግር ጥፍርሽ እስከ ራስ ፀጉርሽ እንዴት ነሽ? ያ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል? ሌሊት ሠርተሽ ቀን ስትተኚ እንቅልፉ እሺ ይልሻል? ጋሼ ባልሽስ እንዴት ነው፣ ማንኮራፋቱን ተወ ወይስ አንቺ ለመድሽው? መንቶቹስ? በስልክ ድምፃቸውን ስሰማ አንዱን ከሌላው መለየት አቅቶኛል፤ ይህን ግን አትንገሪያቸው፣ አጎታችን ደነዘዘ ይሉኛል። እዚህ ሆኜ ሳስብሽ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ብርዱ ነው። ካልሲ ደርቢ።

እዚህ ላይ እንደ ወጉ «ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ ብዕሬ እዚያ ስትደርስ ቆመች። ባለቤቴ ደህና ናት። ትንሿ ልጃችን የፊት ጥርሷ ወልቆ በዚያው ሽንቁር ስታፏጭ ነው የምትውለው። እኔም ልብስ ንጽሕና ቤቱ ውስጥ ካውያዬን ጨብጬ እንደምታውቂኝ አለሁ። ደህና ያልሆኑት አባባ ናቸው። ይህን በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። ስልኩ ሲጠራ ተሽቀዳድመው የሚያነሱት እሳቸው ነበሩ፤ ለእኔ ከሰጡኝ በኋላም ከጎኔ ተቀምጠው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እንዴት አድርጌ ልናገር? ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው በጨረፍታ ጠቆም ባደርግሽ «አባባ እኮ ከእኔ የተሻሉ ጤነኛ ናቸው፣ አንተ ደግሞ ሰው ማስደንገጥ ትወዳለህ» አልሽኝ። አልፈርድብሽም። አባባ ስልክ ላይ ሚኒስትር ናቸው። ቀልዱ፣ ምርቃቱ፣ «ድምፅሽ ወፍሯል፣ ብርድ መትቶሻል፣ ትኩስ ነገር ጠጪ» ማለቱ አንዲትም አትጎድልም። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ነው ወደ እኔ ዞር ብለው «ይህች ሴትዮ ማን ነበረች? ደግ ሰው ትመስላለች» የሚሉኝ። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን እንቅልፍ ተጫጭኗቸው ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ሐኪም ዘንድም ወስጃቸዋለሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትዕግሥተኛ ናት። «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቃቸው «ሳታውቂው ነው እንዴ ሰው ስታክሚ የዋልሽው?» አሏት። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ አባባም እኛን አይተው ሳቁ። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠራችኝና ሳቋን ትታ ነገረችኝ። የመርሳት በሽታ ነው፤ ክኒኑ ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አይመልሰውም፤ የሄደው ሄዷል። የለመዱትን ነገር ግን አትከልክሏቸው፣ የሚያውቁት መንገድና የሚያውቁት ሥራ ትንሽ ያቆያቸዋል አለችኝ። እታለም፣ አባባ ከተራራችን የበለጠ የሚያውቁት ምን አላቸው?

አንቺ አትረሺውም፤ ለመንቶቹ ብታነቢላቸው እንዲገባቸው ልድገመው። አያታቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በባቡሩ የመጨረሻ ፉርጎ ላይ ነው። ሥራቸው ከኋላ ሆኖ መጠበቅ ነበር፤ ፉርጎ ተቆርጦ እንዳይቀር፣ በር ተከፍቶ እንዳይሄድ፣ ሁሉ ደህና ሲሆን ፊሽካ መንፋት። ይህንኑ ሥራ እሑድ እሑድ ወደ ተራራው ይዘውት ይወጡ ነበር። እኛ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ። በየመታጠፊያው አንዲት አጭር ፊሽካ ትነፋለች፤ ሁሉ ደህና ነው፣ ቀጥሉ ማለት ናት። ፊሽካዋ እየተሰማች ወደ ኋላ መዞር ክልክል ነው። የዞረ ሰው «ጠባቂውን አላመነም» ተብሎ እስከ ማግስቱ ይኮረፋል። «እግርሽን እይ፣ እኔ ከኋላ ነኝ» ነበር የሚሉሽ። አንቺ ደግሞ በየጥዱ ሥር እያጎነበስሽ ፍሬውን ስትለቅሚ መንገዱን ሁሉ ታስቆሚው ነበር። አያልፉሽም፤ ጠባቂ ፉርጎ ጥሎ አያልፍም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው «ዘገምተኛዬ፣ ባቡሩ እኮ ሄደ!» ሲሉሽ ኪስሽን ሞልተሽ ትነሺ ነበር። እኔ ከፊት ሆኜ በንዴት እጨስ ነበር።

ያለፈው ሳምንት እሑድ ማለዳ እንደ ድሮው ወጣን። መንገዱን አሁን ብታዪው አታውቂውም። ከውኃ ታንከሩ በላይ ያለውን ዳገት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎት የዛፉ ሥር ሁሉ አግጥጦ ወጥቷል፤ በእግርሽ ብቻ አይሆንም፣ በእጅሽም ትቧጥጪያለሽ። ጥዶቹ ጥቅጥቅ ብለው ረፋዱን ምሽት አስመስለውታል። የከተማው የመኪና ጥሩምባ ከታች ይሰማሻል፣ ሰው ግን አታዪም። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ቆሜ የምውል ሰውዬ ትንፋሼ ቶሎ አጠረ። አባባ ከኋላዬ እንደ ጎረምሳ ነበሩ። በመጀመሪያው መታጠፊያ ፊሽካዋ ተነፋች፣ በሚቀጥለውም ተነፋች። ደስ አለኝ እልሻለሁ። ሐኪሟ ተሳስታለች፣ እኚህ ሰው ምንም አልሆኑም ብዬ በልቤ ፎከርኩ።

ከሁለቱ ትልልቅ ድንጋዮች በላይ ፊሽካዋ ራቅ አለችብኝ። ነፋሱ ነው አልኩ። ቆየት ብላ ደግሞ ይበልጥ ራቀች። ደክሟቸው ይሆናል ብዬ እርምጃዬን ቀነስኩ። አልዞርኩም። እታለም፣ የታመመ አባት ከኋላው አስከትሎ ወደ ኋላ የማያይ ሰው አለ? ሌላ ሰው ቢሆን ቢያንስ አሥሬ ይዞር ነበር። እኛን ግን እንዲያ አድርገው ነው ያሳደጉን፤ ፊሽካዋ እየተሰማች አንገቴ እምቢ አለኝ። ብዞር ከእንግዲህ አላምንዎትም ማለት መሰለኝ። እሳቸው ለካ አንድ ቦታ ተቀምጠው ነው የሚነፉት። ፊሽካዋ ጨርሳ ስትጠፋ እኔ አናቱ ላይ፣ አንቴናው ሥር ደርሻለሁ። ያን ጊዜ ዞርኩ። መንገዱ ባዶ ነው።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። መዳፌ መላጡን፣ ሱሪዬ መቀደዱን ያየሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። «አባባ!» እያልኩ እጮኻለሁ፣ ጫካው ድምፄን ይውጠዋል። ለባለቤቴ ደወልኩ፤ እቤት አልመጡም እንዳለችኝ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። አንዱ መንገድ ወደ ከተማው፣ አንዱ ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ካባ የሚለያይበት ቦታ ስደርስ የቱን እንደምይዝ ጠፋኝ። በዚህ ብሄድ በዚያ ቢሆኑስ? የካባውን ገደል ታውቂዋለሽ። ትልቅ ሰውዬ፣ የልጅ አባት፣ እዚያ መንታ መንገድ ላይ ቆሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ያገኘኋቸው በካባው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። የወደቀ ግንድ ላይ ፊሽካቸውን በጣታቸው አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። አንዲት ጭረት እንኳ የለባቸውም። ላቅፋቸው ስንደረደር በእጃቸው ገቱኝ። «ቀስ በል። አንተ አልፈሃል። ያቺ ዘገምተኛ ናት ያላለፈችው» አሉኝ። ማን ናት ብላቸው «እህትህ ናታ! እዚህ ጋ ፍሬ ስትለቅም ከኋላዋ ቆሜ ነበር፣ ከዚያ ከዓይኔ ጠፋች። እሷ ሳታልፍ አልነሳም» አሉ።

አንቺን እየጠበቁ ነበር፣ እታለም።

መጀመሪያ እውነቱን ነገርኳቸው። ባሕር ማዶ ናት፣ ባል አግብታለች፣ መንታ ወልዳለች አልኩ። «በልጅ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ አታውራ» ብለው ተቆጡኝ። ቀጥዬ ዋሸኋቸው፤ አልፋለች፣ ታች ታንከሩ ጋ አይቻታለሁ አልኩ። በትዝብት አዩኝና «እኔን ሳታልፍ? ጠባቂው እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሉ። ክንዳቸውን ይዤ ላነሳቸው ብሞክር ግንዱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ጮኹ። አባባ፣ በእኔ ላይ፣ እንደማያውቁት ሰው ጮኹ። ለቀቅኳቸው። ልሸከማቸው ብል ዳገቱ ለሁለታችንም አይሆንም። ትቻቸው ሰው ልጥራ ብል ተነሥተው ወደ ካባው ቢሄዱስ? ምንም ማድረግ አልቻልኩም። አጠገባቸው ግንዱ ላይ ተቀመጥኩና አብሬያቸው ጠበቅሁሽ። እንደ ሞኝ መንገዱን መንገዱን ሳይ ራሴን ያዝኩት፤ ትመጪ ይሆናል ብሎ ልቤም ከጅሎ ነበር።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ከላይ ኮቴ ተሰማ። ሻርፕ የጠመጠመች፣ በአንቺ ዕድሜ ያለች አንዲት እግረኛ ብቻዋን ስትወርድ ደረሰችብን። አባባ አተኩረው አዩዋት፣ ከዚያ ፊታቸው በራ። «መጣሽ? ባቡሩ እኮ ሄደ!» አሏት። ሴትዮዋ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ በዓይኔ ለመንኳት። ፈጣሪ ይስጣትና ገባት። «ይቅርታ አባባ፣ ዘገየሁ» አለች። እሳቸውም ማንም ሳይደግፋቸው ብድግ ብለው «ቅደሚ። እግርሽን እይ፣ እኔ ከኋላ ነኝ» አሏት።

እንዲህ ሆነን ወረድን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ መሐል፣ አባባ ከኋላ። በየመታጠፊያው ፊሽካዋ ትነፋለች። ሴትዮዋ አንዴ አንገቷን ልታዞር ስትል «አትዙሪ፣ እባክሽ» ብዬ አንሾካሾክኩላት። እኔ ግን ጆሮዬ ሁሉ ከኋላዬ፣ ጫማቸው ላይ ነበር። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ አባባ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «ጎበዝ» አሏት። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት፣ ሳላመሰግናት ተለያየን።

ከዚያ ወዲህ በሩን መቆለፍ ጀምረናል። ቁልፉን ባለቤቴ ናት የያዘችው፣ እኔ ብይዘው እከፍትላቸዋለሁ። ጠዋት ጫማቸውን አጥልቀው፣ ፊሽካቸውን ይዘው በሩ ሥር ይቆሙና «በል ቅደም» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ ባለቤቴ ከኋላዬ ስትቆልፍባቸው፣ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። የከተማው ሰው የተጨማደደውን ሁሉ ወደ እኔ ያመጣል፣ አቃንቼ እመልስለታለሁ። ለዚህኛው የሚሆን ካውያ የለኝም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ የዞርኩት። ትናንት ስትደውዪ ስልኩን እኔ በማንሳቴ ገርሞሽ «አባባ የት ሄዱ?» አልሽኝ። ተኝተዋል አልኩሽ። አልተኙም ነበር። ከስልኩ አጠገብ ተቀምጠው ሲጠራ ዝም ብለው ያዩት ነበር። ካንቺ ጋር ተሰነባብቼ ለምን አላነሱትም ብላቸው «ማን ይደውልልኛል? ልጆቼ ሁሉ ገብተዋል» አሉኝ። የዚያን እሑድ አንቺ ወርደሽ ገብተሻል፤ እሳቸው ዘንድ ነገሩ አልቋል። ድሮ ምሽት ላይ መስኮቱ ሥር ቆመው ምን እንደሚያዩ አላውቅም ነበር። አሁን መቆማቸውን ትተዋል። ማረፋቸው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልቻልኩም፤ በአንቺ ፈንታ ያስገባሁላቸው እኮ የሰው ልጅ ናት።

የመኖሪያ ወረቀትሽ ሳያልቅ ብትወጪ መመለሻ እንደሌለሽ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነይ አልልሽም። በሚመጣው ዓመት ነይም አልልሽም፤ በሚመጣው ዓመት ማን እንደሚቀበልሽ አላውቅም። ምን እንደምልሽ ጠፍቶኛል፣ እህቴ። ብቻዬን ማወቁ ስለከበደኝ ነው የነገርኩሽ።

ጋሼን ሳሚልኝ፤ ይህን ሲሰማ እንዳያስለቅስሽ፣ ዝም ብሎ አጠገብሽ እንዲቀመጥ ንገሪው። መንቶቹን በየተራ፣ ሳታደባልቂ ሳሚልኝ። ባለቤቴ እጅ ትነሳለች፣ ሻይሽን አትተዪ ብላለች። ትንሿ በጥርሷ ሽንቁር አፏጭታልሻለች፤ ከደብዳቤው ጋር አይላክም እንጂ ደህና አድርጋ ነው ያፏጨችው።

ይህን ስጽፍ አባባ አጠገቤ ናቸው። ለማን ነው የምትጽፈው ቢሉኝ መንገድ ላይ ላለ ሰው ነው አልኳቸው። «ሩቅ ነው?» አሉ። ሩቅ ነው አልኩ። ጥቂት አሰቡና «እግሩን ይይ በለው። ወደ ኋላ እንዳይዞር፣ ጠባቂ አለ» አሉኝ። ይኸው መልእክታቸውን አድርሻለሁ።

እኔ ግን ታናሽሽ እልሻለሁ፦ እታለም፣ ፊሽካዋ ገና ትሰማለች፤ ዙሪ።

ወንድምሽ

ከተራራው ግርጌ፣ ከድሮው ቤታችን
ማክሰኞ ከሥራ መልስ፣ ኅዳር 9 ቀን